መሃል ላይ ብሩ ያለቀበት ፊልም፦ ስለ አንድ የተረገመ ቤተሰብ የተሠራ የጣሊያን ፊልም የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

በትንሽ ገንዘብ ፊልም ስለመሥራት ሲወራ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «ብር ከሌለህ አትጀምር» ይላል። ሌላው «ፍቅሩ ካለህ ብሩ ይመጣል» ይላል። ሁለቱም ሥራ ላይ ላለ ሰው ብዙ አይጠቅሙም። እኔ የሚሻለኝ በእውነት የተሠራ አንድ ፊልም ወስዶ ገንዘቡ የት ላይ እንዳጠረ፣ በምን እንደተተካ፣ መተኪያውም የት ላይ እንዳልሠራ ማየት ነው።

የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ1966 ጣሊያን ውስጥ የወጣውን «ኦፔራትሲዮኔ ፓውራ» የተባለ ፊልም ነው። አስፈሪ ነው፤ ምስጢርም አለበት። ታሪኩ ስለ አንድ የተረገመ ባላባት ቤተሰብና ስለ ወራሹ ነው። ቀረጻው ገና ሳያልቅ ገንዘቡ አለቀ። ተዋናዮቹና ሠራተኞቹ ግን ጥለው አልሄዱም፤ ያለ ክፍያ ጨረሱት። ዛሬ ፊልሙ ከዘመኑ የጣሊያን አስፈሪ ፊልሞች ምርጦች ጋር ይቆጠራል።

ዳይሬክተሩን ማሪዮ ባቫን በስሙ እጠራዋለሁ። የእሱን የሥራ ታሪክ ካላወቅን ጉዳዩ አይገባንም። የቀሩትን በሥራ ድርሻቸው ብቻ አነሳለሁ። ፊልሙን ገና ሊያይ ያሰበ ሰው ካለ ግን ይጠንቀቅ፤ መጨረሻውም እዚህ ተነግሯል።

መነሻው

ባቫ እ.ኤ.አ. በ1914 ሳን ሬሞ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀራፂ ነበር። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ለጣሊያን ፊልሞች የካሜራ ማታለያ ዘዴዎችን ይሠራ ነበር። ልጁ ሙያውን ከአባቱ ተማረ። ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ለብዙ ዓመታት የኖረው ካሜራ ኋላ ነው።

ይህ ተራ የሕይወት ታሪክ አይደለም። የጉዳዩ ግማሽ እዚህ ነው ያለው። ባቫ ለመብራት፣ ለሌንስ፣ ለመስታወትና ለሥዕል ማታለያ ሌላ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልገውም ነበር። ራሱ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ አንድ የቫምፓየር ፊልም ጥሩ ማሳያ ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር መሃል ላይ ጥሎ ሲሄድ የቀረውን የጨረሰው ካሜራውን ይዞ የነበረው ባቫ ነው። እዚያ ፊልም ላይ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፊት ካሜራው ሳይቋረጥ ዓይናችን እያየ ያረጃል። ዘዴው ቀላል ነው። ሽብሽቡ ቀለም ባለው ሜካፕ ፊቷ ላይ አስቀድሞ ተሥሏል። አንድ ዓይነት ቀለም ያለው መብራት ሲበራባት አይታይም። መብራቱ ወደ ሌላ ቀለም ሲቀየር ብቅ ይላል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ተመልካቹ የመብራቱን ቀለም መቀየር አያውቅም። ወጪው ሜካፕና ባለ ቀለም ማጣሪያ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በጠፈር ላይ የሚያተኩር ፊልም ሠራ። ሌላ ፕላኔት ማሳየት ነበረበት። በእጁ የነበሩት ከሌላ ፊልም የተረፉ ሁለት የፕላስቲክ ድንጋዮች እንደነበሩ ኋላ ላይ ራሱ ተናግሯል። በመስታወት አበዛቸው፤ ዙሪያውን በጭስ ሞላው። ፕላኔት ሆነ።

የወቅቱ የጣሊያን የፊልም ገበያም መታወቅ አለበት። አንድ ፊልም ገንዘብ ካመጣ ትናንሽ ኩባንያዎች ተከትለው መሰሉን ይሠሩ ነበር። ካፒታላቸው ስስ ነው። ብዙ ጊዜ ድምፅ በቀረጻ ወቅት አይቀዳም፤ ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይለጠፋል። ይህ ልማድ ወጪ ይቀንሳል። መንገድ ላይ ውሻ ቢጮህ ወይም መኪና ቢያልፍ ቀረጻው አይቆምም።

ታሪኩ

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1907 ነው። ቦታው በካርፓቲያን ተራሮች ያለች ትንሽ መንደር ናት። አንዲት ሴት የብረት አጥር ሹል ላይ ወድቃ ትሞታለች። አስከሬኗን ለመመርመር ከከተማ አንድ ሐኪም ይጠራል። የመንደሩ ሰዎች ምርመራውን አይፈልጉም። ሐኪሙ ልቧን ሲከፍት ውስጡ ሳንቲም ያገኛል። ሳንቲሙን ያስገባችው የመንደሩ ጠንቋይ ናት። ለሟቾቹ መከላከያ እንዲሆን ነው።

ከመንደሩ አጠገብ አንዲት ባሮነስ (የባላባት ማዕረግ ያላት ሴት) ብቻዋን የምትኖርበት ያረጀ ትልቅ ቤት አለ። ከሃያ ዓመት በፊት የሰባት ዓመት ልጇ በበዓል ቀን በሰከሩ የመንደር ሰዎች ፈረሶች ተረግጣለች። እርዳታ ፈልጋ ደወል ደወለች። ማንም አልመጣም። ደሟ ፈስሶ ሞተች። ከዚያ ወዲህ የልጅቷን መንፈስ ያየ ሰው ይሞታል።

አንዲት ወጣት ደግሞ የወላጆቿን መቃብር ልታይ ወደ መንደሩ መጥታለች። ሐኪሙ አስከሬኑን ሲመረምር ምስክር ሆና ቆማለች። ጉዳዩ ሁሉ የማይመለከታት እንግዳ ትመስላለች። መጨረሻ ላይ ግን የባሮነሷ ልጅ፣ የሟቿ ሕፃን እኅት ሆና ትገኛለች። ለደኅንነቷ ሲባል በሕፃንነቷ ወደ ሌላ ቦታ ተልካ ነበር። ያሳደጓት ሰዎች ወላጆቿ አይደሉም። የምትወርሰው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ እርግማኑንም ነው።

ችግሩ

ችግሩ ሁለት ደረጃ ነበረው።

የመጀመሪያው ከጅምሩ የታወቀ ነው። በጀቱ ትንሽ ነው። ታሪኩ ግን በወጉ ከተሠራ ውድ ነው። መንደር ይፈልጋል፣ የባላባት ቤት ይፈልጋል፣ የመቃብር ቦታ ይፈልጋል፣ የሃምሳ ስልሳ ዓመት በፊት ልብስ ይፈልጋል። በዚያ ላይ መንፈስ አለ።

ሁለተኛው ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ መጣ። ካዝናው ባዶ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ዳይሬክተር ያሉት ምርጫዎች ብዙ አይደሉም። ማቆም ይችላል። ታሪኩን ቆርጦ አጭር ነገር አድርጎ ማስረከብ ይችላል። ወይም ሰዎቹን ለምኖ መቀጠል ይችላል። ባቫና ባልደረቦቹ ቀጠሉ።

ምን ተደረገ

ቦታውን እንየው። መንደሩ አልተሠራም፤ ተገኘ። ከሮም በስተሰሜን ካልካታ የምትባል ጥንታዊ መንደር አለች። ገደል አናት ላይ ተቀምጣለች። መንግሥት ዓለቱ ይናዳል ብሎ ሰግቶ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነዋሪዎቹ እንዲለቁ አዝዞ ነበር። ሰዉ ቀስ በቀስ አጠገቡ ወደተሠራ አዲስ ሰፈር ተዛወረ። ፊልሙ ሲቀረጽ አሮጌው መንደር ጸጥ ያለ፣ ግድግዳው የተላላጠ፣ መንገዱ ጠባብ ቦታ ነበር። የጎደለው ጭስና መብራት ብቻ ነው። አጠገቧ ያለችው ፋሌሪያም ለአንዳንድ ቀረጻዎች አገልግላለች።

ለባሮነሷ ቤት ሮም አካባቢ ያለ እውነተኛ ቪላ ውጪው ተቀረጸ። የውስጡ ክፍሎች ስቱዲዮ ውስጥ ተሠሩ።

ተዋናይ ላይም ቁጠባ ነበር። ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ የከንቲባውን ገጸ ባሕርይ ራሱ ተጫወተ። ጥሩ ተጫውቷል፤ ራሱን የተላጨ፣ ዝምተኛና የሚከብድ ሰው ሆኖ። የሞተችውን ልጅ የተጫወተው ደግሞ ወንድ ልጅ ነው። ረጅም ጸጉር ተደርጎለት ነጭ ቀሚስ ለበሰ። የፊቱ አጥንት ከሴት ልጅ ፊት ትንሽ ይለያል። ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ «ይቺ ልጅ አንድ ነገር አለባት» ይላል። ለዚህ ስሜት ምንም ሜካፕ አልወጣም።

የፊልሙ ትልቁ ቁጠባ ግን ስክሪፕቱ ውስጥ ነው። መንፈሷ ማንንም አትነካም። በመስኮት ታያለች። ኳስ ታንከባልላለች። ትስቃለች። ያያት ሰው በገዛ እጁ ይሞታል። አስቡት፣ ጭራቅ ቢሆን ኖሮ አልባሳት፣ ማስክ፣ ደም፣ ትግል ይፈልግ ነበር። እዚህ ግን ግድያውን የሚፈጽመው ተገዳዩ ራሱ ነው። ስለዚህ ካሜራው ማየት ያለበት የፈራ ሰው ፊት ብቻ ነው። የፈራ ፊት ደግሞ ከተዋናዩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።

አንድ ትዕይንት ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ሐኪሙ ቤቱ ውስጥ የሚሸሽ ሰው ያሳድዳል። አንድ ክፍል ይገባል፤ በሌላው በር ይወጣል። የገባበት ያው ክፍል ነው። እንደገና ይሮጣል፤ እንደገና ያው ክፍል። በእያንዳንዱ ዙር ለሚያሳድደው ሰው እየቀረበ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ይይዘውና ያዞረዋል። ሰውየው ራሱ ሐኪሙ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ሁለት በሮች፣ ሁለት አንድ ዓይነት ልብስና ንጹሕ ቆረጣ (ምስሎቹን ቆርጦ ማገጣጠም) ነው። ብዙ ክፍል ለመሥራት ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ትዕይንት አያስበውም ነበር ብዬ አምናለሁ። ብዙ ክፍል ያሳየናል፤ እኛም ቤቱ ሰፊ መሆኑን እናውቃለን፤ አበቃ። እዚህ ግን ቤቱ የማያልቅ ሆነ፣ ሰውየውም ከራሱ ማምለጥ አቃተው።

ሌላም አለ። ካሜራው የመቃብር ቦታውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ያሳየናል። ለምን እንደሚወዛወዝ አናውቅም። ከዚያ ልጅቷ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ያየነው በእሷ ዓይን ነበር ማለት ነው። ጠመዝማዛው ደረጃም ከላይ ወደ ታች ተቀርጾ፣ አረንጓዴ መብራት ተለቆበት፣ የሚያዞር ጉድጓድ ሆኗል።

መብራቱ በአጠቃላይ ለምክንያት ደንታ የለውም። በ1907 መንደር ውስጥ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ከየት ይመጣል? ከየትም። ባቫ ይህን ጥያቄ ትቶታል። ጨለማውን ቀለም በመቀባት ያልተሠራውን ግድግዳ ደበቀው፤ የተሠራውን ደግሞ አጎላው።

ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። ለፊልሙ አዲስ ሙዚቃ የሚደርስ ሰው አልተቀጠረም። ቀድሞ ለሌሎች ፊልሞች ከተቀዳ ሙዚቃ እየተመረጠ ገባ።

ገንዘቡ ሲያልቅ ያዳነው ግን ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም አይደለም። ሰዎቹ ናቸው። ባቫ ሳይጮህ የሚሠራ፣ በራሱ ላይ የሚቀልድ፣ የካሜራ ረዳቱንም የመብራቱንም ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከእሱ ጋር መሥራት ይወዱ ነበር። ስለዚህ ቆዩለት።

የሠራው

ፍርሃቱ ሠርቷል። ኳስ፣ ሳቅ፣ ደወል፣ መስኮት ላይ የተለጠፈ የልጅ ፊት። እነዚህ ዛሬም ይሠራሉ፤ ምክንያቱም ከቴክኒክ ጋር አያረጁም።

የውርሱ ምስጢርም ሠርቷል። ብዙ የዚህ ዓይነት ታሪኮች ላይ ውርስ ማለት ኑዛዜ፣ ጠበቃና ተራ የሚጠብቁ የአክስት ልጆች ናቸው። እዚህ ወረቀት የለም። መንደሩ በሙሉ ዕዳ አለበት፤ ልጅቷ ስትደውል ማንም አልወጣምና። እናትየው ቂሟን ይዛ መንፈሷን ትጠራለች። በሕይወት ያለችው ልጅ ደግሞ ምንም ሳታጠፋ የሁለቱም ወራሽ ናት። እስከ ሰባት ቤት የሚሻገር እርግማን ሲባል የሰማ አንባቢ ሒሳቡን ወዲያው ይገባዋል።

ሐኪሙ የሚወክለው ዕውቀት ሁልጊዜ ልክ አለመሆኑም ወድጄዋለሁ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤቶች ልጅ መንፈሷን አይታ ትታመማለች። ጠንቋይዋ በራሷ መንገድ ታክማታለች። ሐኪሙ መጥቶ ይህ ኋላቀርነት ነው ብሎ ያነሳዋል። ልጅቷ በሌሊት ራሷን ታጠፋለች። መጨረሻ ላይ ባሮነሷን የምታቆማትም ጠንቋይዋ ናት እንጂ እሱ አይደለም። በዘመኑ ፊልሞች ላይ ጠንቋይ ይህን ቦታ ስታገኝ ብዙ አይታይም።

ምስሉ ሩቅ ሄዷል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ታዋቂው ጣሊያናዊ ዳይሬክተር ፌዴሪኮ ፌሊኒ በሠራው አንድ አጭር ፊልም ላይ ሰይጣን ነጭ የለበሰችና ኳስ የያዘች ልጅ ሆኖ ይመጣል። ባቫም መመሳሰሉን አስተውሎታል።

ያልሠራው

ንግግሩ ደካማ ነው። ሰዎቹ የሆነውን ነገር እርስ በርስ ይነጋገራሉ እንጂ አይኖሩትም። ከንቲባው ስለ ቤተሰቡ ለሐኪሙ ሊያስረዳ ሲሞክር ፊልሙ ቁጭ ይላል። ሐኪሙ ራሱ እንደ ገጸ ባሕርይ ባዶ ነው። ቆንጆ ኮት የለበሰ፣ በሮችን የሚከፍት ሰው። ከወጣቷ ጋር ያለው ግንኙነትም ፍቅር ይሁን ሙያዊ አዘኔታ አይለይም።

ዙሙም በዝቷል። ካሜራን በሐዲድ ማንቀሳቀስ ጊዜና ሰው ይበላል፤ ሌንሱን ማቅረብና ማራቅ ግን በነፃ ነው። አንዳንዴ ግሩም ይሆናል። አንዳንዴ ግን ዳይሬክተሩ ትከሻችንን እየነካካ «እዚያ እይ» የሚል ይመስላል። ኋላ የተለጠፈው ድምፅም በተለይ በእንግሊዝኛው ቅጂ ከከንፈር ጋር አይሄድም። የተዋሰው ሙዚቃ ጥሩ ቢሆንም አንድ እጅ የሠራው አይመስልም።

ትልቁ ውድቀት ግን ሽያጩ ላይ ነው። የጣሊያንኛ ስሙ ከመንፈስ ይልቅ የስለላ ፊልም ይመስላል፤ ያን ጊዜ የስለላ ፊልም ፋሽን ነበር። አሜሪካ ሲደርስ ደግሞ ስለ ሕፃን መንፈስ የሆነውን ይህን ጸጥተኛ ፊልም ርካሽ የወንጀል ፊልም የሚያስመስል ሌላ ስም ሰጡት። ከዓመታት በኋላም እንደገና ስሙን ቀይረው ከሁለት ሌሎች ፊልሞች ጋር በአንድ ቲኬት አሳዩት። ፊልሙን የሚወደው ተመልካች በስሙ ሊያገኘው አይችልም ነበር። ክብሩ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ በሐያሲያንና በቤት ውስጥ በሚታይ ቪዲዮ በኩል። ያ ክብር በ1966 ያለ ደሞዝ መብራት ለተሸከመው ሰው ምንም አላደረገለትም።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

አንደኛ፣ ቁጠባው ከስክሪፕቱ ይጀምር። ብዙ ሰው ውድ ታሪክ ጽፎ ርካሽ አድርጎ ለመቅረጽ ይሞክራል። ከዚያ ሁሉም ነገር የጎደለ ይመስላል። እዚህ ግን ማስፈራሪያው ራሱ ከጅምሩ ርካሽ ነው። የማትነካ መንፈስ፣ የሚደወል ደወል። ጽሑፉ ላይ «ይህን ማን ይሠራዋል፣ በስንት?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ገጽ አብሮ ቢኖር ጥሩ ነው። ያለህን ቦታ፣ ያለህን ሰውና ራስህ የምትችለውን ሙያ ቆጥረህ ከዚያ ጻፍ።

የባቫ ዘዴዎች ደግሞ በአንድ ሌሊት የተፈለሰፉ አይደሉም። ብሩ ሲያልቅ የመጡ ብልሃቶችም አይደሉም። ከአባቱ ቤት ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የተጠራቀሙ ናቸው። እጥረት ፈጠራን ይወልዳል የሚባለውን ስሰማ የምጠራጠረው ለዚህ ነው። እጥረቱ ያገኘው ሙያ ያለውን ሰው ነበር። ሙያ የሌለውን ሰው ቢያገኝ ኖሮ ያላለቀ ፊልም ብቻ ይቀር ነበር። ማስረጃው የፊልሙ ንግግር ነው። በጽሑፍ ላይ ባቫ ያንን ያህል የተጠራቀመ ስንቅ አልነበረውም፤ እጥረቱም እዚያ ላይ ምንም ፈጠራ አልወለደም። ስክሪፕት ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ስለሚፈልግ ነፃ ይመስላል። ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ ወጪ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ከቀረጻ በፊት ሊገዛው የሚችለው ርካሹ ነገር ተጨማሪ የጽሑፍ ሳምንታት ናቸው።

ገንዘብ ሁሉንም ያስተካክላል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ባቫ ዲኖ ዴ ላውሬንቲስ ለተባለው ትልቅ ፕሮዲዩሰር ስለ አንድ ጭምብል ለባሽ ሌባ ፊልም ሠራ። በሕይወቱ ካገኘው ሁሉ የበለጠ በጀት ተሰጠው። ከተመደበለት እጅግ ያነሰ አውጥቶ ጨረሰ። ልማዱ ከእሱ ጋር ቀርቶ ነበር። ይህ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ አንዳንድ ሰው በእጥረት ከመላመዱ የተነሳ የተከፈተለትን በር እንኳ በጠባቡ ነው የሚገባው።

የመጨረሻው ስለ ሰዎቹ ነው። ያለ ክፍያ የመጨረሳቸው ወሬ ሲተረክ እንደ ጣፋጭ ታሪክ ነው። እኔ ግን እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የማየው። ታማኝነት በጀት ላይ የሚጻፍ ገቢ አይደለም። አንድ ጊዜ ይሠራል፤ በሁለተኛው ፊልም ላይ ያው ሰው ላይመጣ ይችላል፣ ቢቀርም ትክክል ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚጀምር ሰው ካሜራው ከመነሳቱ በፊት «ብሩ ቢያልቅ ምን ይሆናል?» የሚለውን ጽፎ ቢያስፈርም ይሻላል። ማን ስንት ይቀረዋል፣ ፊልሙ ሲሸጥ መጀመሪያ ማን ይከፈለዋል፣ ውጪ አገር በሌላ ስም ቢሸጥስ? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ይህ ፊልም ግን የተሸጠው እንዲያ ነው።